አዳኙ ውሻና ድመቷ በአንድ ጣሪያ ሥር፦ የካርቱም ጦርነት ያስነሳው የአደራ ጥያቄ

ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. ካርቱም በከባድ መሣሪያ ድምፅ ስትናወጥ ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ለሙስሊም ነዋሪዎቿ የረመዳን ጾም የመጨረሻ ሳምንት ነው፤ በከተማዋ ይኖሩ ለነበሩት ኦርቶዶክሳውያን ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ደግሞ የትንሣኤ ዋዜማ፣ ቀዳም ሥዑር። በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የተቀሰቀሰው ውጊያ አውሮፕላን ማረፊያውን በሰዓታት ውስጥ ዘጋው። መብራትና ውኃ ተቋረጠ። ነዋሪው የቻለውን ይዞ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ዋዲ ሐልፋ፣ ወደ መተማ መንገድ ጀመረ።

የቤት እንስሳት ግን ብዙውን ጊዜ ከሚያዘው ጓዝ ውጭ ነበሩ። ድመት በዘንቢል ትገባለች፤ ሕፃን ልጅ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሊያሻግራት ይችላል። ቁመቱ የሰው ጭን የሚደርስ ውሻ ግን የአውቶቡስ ወንበር ዋጋ በየዕለቱ በሚንርበት ሰዓት የአንድ ሰው ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ቁልፍ ለዘበኛ ተሰጠ፤ ውሻ ለጎረቤት ተተወ፤ አንዳንዱ በር ተከፍቶለት ወደ ጎዳና ወጣ።

ውሻውን የተቀበለው ጎረቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ድመት አለው። ድመት በካርቱም ቤቶች ውስጥ እንደ ልቧ ወጥታ የምትገባ ቤተኛ ናት። እንግዳው ውሻ ከአደን ዝርያ ከሆነ፣ ማለትም ለማሳደድ ተመርጦ የተዳቀለ ረጅም እግር ያለው ሯጭ ከሆነ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ሁለቱን አብሮ ማኖር ይቻላል ወይ? ከአየርላንድና ከብሪታንያ የውድድር መም ጡረታ የወጡ ግሬይሀውንድ ውሾችን የሚያሳድጉ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲመልሱት የኖሩት ጥያቄ ነው። መልሳቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ብዙዎቹ ውሾች ይለምዳሉ፤ ጥቂቶቹ ፈጽሞ አይለምዱም፤ ልዩነቱን የሚያሳውቀው ጊዜና በቦታው የሚቆይ ሰው ነው። በካርቱም እጥረት የነበረው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

የአደራ ሰው

በሌሎች አገሮች የእንስሳት ተንከባካቢ ድርጅቶች አንድን የተረፈ እንስሳ ቋሚ ቤት እስኪያገኝ ድረስ በበጎ ፈቃደኛ ቤት ያቆዩታል። በአማርኛ ለዚህ የሚቀርበው ቃል “አደራ” ይመስለናል። ባለአደራው የእንስሳው ባለቤት አይደለም፤ በእጁ እስካለ ድረስ ግን የሚጠየቀው እርሱ ነው።

በጦርነት ጊዜ አደራው ለምን እንደሚረዝም ለመረዳት የጉዞ ሰነዶችን ሕግ ማየት ያስፈልጋል። ሱዳን፣ እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ፣ የእብድ ውሻ በሽታን በተመለከተ በአውሮፓ ኅብረትም ሆነ በብሪታንያ ዝቅተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ከእንደዚህ ዓይነት አገር የሚመጣ ውሻ ወይም ድመት በመጀመሪያ መለያ ማይክሮችፕ ከቆዳው ሥር ይቀበርለታል። ቀጥሎ ይከተባል። ከክትባቱ በኋላ ቢያንስ 30 ቀን ሲሞላው ደሙ ተወስዶ ዕውቅና ባለው ቤተ ሙከራ ይመረመራል። በደሙ ውስጥ ያለው የበሽታ መከላከያ መጠን በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ ግድ ነው። ሁሉም ነገር ያለ እንከን ቢሄድ እንኳ አራት ወር ይፈጃል።

የሦስት ወሩ ጥበቃ የቢሮክራሲ ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ምክንያት አለው። በደም ውስጥ የታየው መከላከያ ከክትባት ሳይሆን እንስሳው አስቀድሞ ከያዘው በሽታ የመጣ ሊሆን ይችላል። በሽታው ካለበት በእነዚያ ወራት ውስጥ ምልክቱ መታየቱ አይቀርም። በሰላም ጊዜ ሕጉ ችግር የለውም። በሚያዝያ 2015 ካርቱም ውስጥ ግን ደሙን የሚልክበት አውሮፕላን አልነበረም፤ ሰነድ ያልተሟላለት ውሻ የነበረው ቤተሰብ በአንድ ሌሊት አራት ወር ሊያገኝ አይችልም። ከዚያ ወዲያ ያለው ምርጫ ባለአደራ መፈለግ ወይም ውሻውን በር ላይ መተው ነበር።

ዓይኑ የሚያስሮጠው ውሻ

በካርቱም ጎዳናዎች የሚታየው አብዛኛው ውሻ ሱዳኖች “በለዲ” የሚሉት የአገር ውሻ ነው፤ እንደ አዲስ አበባው የሰፈር ውሻ ሁሉን ቻይ፣ ራሱን አዳሪ። ከእርሱ ሌላ ከሰሜን አፍሪካ እስከ ፋርስ ባለው ደረቅ ምድር የሚታወቅ፣ ዐረቦች “ሰሉቂ” ወይም “ሰሉጊ” የሚሉት ወገበ ቀጭን የአደን ውሻ አለ። በጥንታዊት ግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ ሚዳቋ ሲያባርሩ የተሣሉት ውሾች ይህንኑ ዓይነት ቁመና ያላቸው ናቸው። የአውሮፓው ግሬይሀውንድም በመልኩ የእነዚሁ የቅርብ ዘመድ ይመስላል። የዘረመል ጥናት ግን ሌላ ነገር ተናግሯል፤ እአአ በ2004 “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት የወጣው የ85 ዝርያዎች ጥናት ሰሉቂን ከጥንታውያን ዝርያዎች ጋር ሲመድበው፣ ግሬይሀውንድን ያስጠጋው ከአውሮፓ የበግ ጠባቂ ውሾች ጋር ነው። ቁመናቸው የተመሳሰለው ሥራቸው ስለተመሳሰለ ነው ማለት ይቻላል።

ሥራቸው በዓይን ማደን ነው። አብዛኛው ውሻ ዓለምን በአፍንጫው ያነባል፤ እነዚህ ግን መጀመሪያ የሚያዩት እንቅስቃሴን ነው። አፍንጫቸው የረዘመ ውሾች በዓይናቸው ጀርባ ያሉት የማየት ሕዋሳት በአግድም መስመር ተከማችተው ስለሚገኙ፣ ከአድማስ እስከ አድማስ የሚንቀሳቀስን ነገር ለመለየት ይመቻቸዋል። ግሬይሀውንድ በአጭር ርቀት በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይሮጣል። ትእዛዝ ሰምቶ፣ አስቦ፣ ለመቆም የሚበቃ ጊዜ በመካከል የለም።

የእንስሳት ጠባይ አጥኚዎች አደንን እንደ ሰንሰለት ይገልጹታል፦ ማየት፣ ማፍጠጥ፣ ማድባት፣ ማሳደድ፣ መያዝ፣ መግደል። ሰው ውሻን ባዳቀለባቸው ሺህ ዓመታት የሰንሰለቱን አንዳንድ ቀለበት አጠንክሯል፣ አንዳንዱን አላልቷል። የበግ ጠባቂው ያፈጥጣል፣ ያደባል፤ መግደሉ ግን ተቀንሶበታል። በሯጩ ውሻ ላይ የጠነከረው ማሳደዱ ነው። እዚህ ላይ ክፋትም ጥላቻም የለም። ድመቷ ቁጭ ብላ እግሯን ስትልስ ለውሻው እንደ አንድ የቤት ዕቃ ልትሆን ትችላለች፤ በዚያው ቅጽበት ዘልላ ስትሮጥ ግን የሚታየው ሌላ ነገር ነው። ውሻውና ድመቷ የተጣሉ የሚመስለን እኛ ነን። ውሻው ዓይኑ ያዘዘውን ነው የሚያደርገው።

ድመቷም በበኩሏ የዋዛ አይደለችም። የዓለም የቤት ድመቶች ሁሉ የዘር ግንድ “ፌሊስ ሊቢካ” ከተባለችው የዱር ድመት እንደሚመዘዝ በዘረመል ተረጋግጧል፤ ይህች የዱር ድመት ዛሬም በሱዳን ምድር ትኖራለች። ጥፍሯ የውሻን ዓይን ለማጥፋት ይበቃል። ባለአደራው የሚያስታርቀው አንድ አጥቂና አንድ ተጠቂ ሳይሆን ሁለት አዳኞችን ነው።

ከመም የወጡት

የአውሮፓና የአሜሪካ ልምድ የመጣው ከውድድር ኢንዱስትሪው ነው። በኤሌክትሪክ የምትሮጥ ሰው ሠራሽ ጥንቸልን የሚያባርሩበት መም በአሜሪካ ከተጀመረ በኋላ እአአ በ1926 ወደ እንግሊዟ ማንችስተር ተሻገረ። ውሾቹ ዕድሜያቸው አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆን መወዳደር ይጀምራሉ፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ጡረታ ይወጣሉ። ግሬይሀውንድ ከ12 ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ ከውድድር በኋላ የሚጠብቀው ዕድሜ ከኋላው ካለው ይበልጣል። ያን ዕድሜ የት ይኑረው የሚለው ጥያቄ ነው የአደራ ቤቶችን የወለደው። በብሪታንያ ጡረተኞቹን ወደ ሰው ቤት የሚያስገባው ግሬይሀውንድ ትረስት የተቋቋመው እአአ በ1970ዎቹ ነው።

ከሁሉም የማካው ታሪክ ከካርቱም ጋር ይቀራረባል። እአአ ሐምሌ 2018 በከተማዋ የነበረው የውሻ መወዳደሪያ ሲዘጋ ከ500 በላይ ውሾች ድንገት ባለቤት አልባ ሆኑ። አብዛኞቹ ሙሉ ዕድሜያቸውን በሲሚንቶ ክፍል ያሳለፉ ናቸው፤ ደረጃ፣ መስተዋት፣ የቴሌቪዥን ድምፅ፣ ድመት አያውቁም። በጎ ፈቃደኞች ወደ ተለያዩ አገሮች ለመላክ በቻሉት መጠን ቤት ፈለጉላቸው። ከማካውም ሆነ ከሌሎቹ መሞች የተገኘው ትምህርት ውሻውን ከክፉ ቦታ ማውጣት የሥራው አጭሩ ክፍል መሆኑ ነው። ረጅሙ ክፍል የሚጀምረው አዲሱ ቤት በር ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ልምድ ያላቸው ባለአደራዎች ውሻውንና ድመቷን በመጀመሪያው ቀን አያገናኙም። ውሻው ለብቻው ክፍል ይሰጠዋል፤ ድመቷ ቀሪውን ቤት እንደ ወትሮው ትይዛለች። የሚተዋወቁት በሽታ ነው፤ ውሻው የተኛበት ጨርቅ ወደ ድመቷ፣ የድመቷ ምንጣፍ ወደ ውሻው ይሄዳል። ሁለቱም በር ተዘግቶ በግራና በቀኝ ሲበሉ፣ የዚያኛው ሽታ ከምግብ ጋር ይያያዛል። ይህ ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ቸኩሎ የተጠቀመ ሰው የለም።

ዓይን ለዓይን የሚተያዩት በፍርግርግ በኩል ወይም ውሻው አጭር ማሰሪያ ላይ ሆኖ ነው። ያን ጊዜ የሚጠናው ውሻው ነው። ድመቷን አይቶ ዞር ካለ፣ ስሙ ሲጠራ ከተመለሰ፣ ከተኛ፣ ተስፋ አለ። ሰውነቱ ከደረቀ፣ ጆሮው ቀጥ ካለ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ የቀረበለት ሥጋ እንኳ ዓይኑን ካላነሣለት፣ ያ ውሻ ድመት ባለበት ቤት መቆየት የለበትም። ይህን ቶሎ ማወቅ ሽንፈት አይደለም። ለዚህ ነው በደህና ጊዜ የአደራ ድርጅቶች ድመት ያለበትንና የሌለበትን ቤት ለይተው የሚመዘግቡት።

ፈተናውን ያለፈውም ውሻ ቢሆን ለሳምንታት የአፍ ቅርጫት አድርጎ ነው ከድመቷ ጋር በአንድ ክፍል የሚውለው። እዚህ ላይ የካርቱም አየር ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሙቀቱ መጠን በበጋ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሚወጣበት ከተማ፣ ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው። ስለዚህ ቅርጫቱ አፉን ለመክፈትና ውኃ ለመጠጣት የሚያስችል ሰፊ መሆን አለበት። አፍን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ጨርቅ ወይም ገመድ በዚያ ሙቀት ውሻን ሊገድል ይችላል።

ድመቷ የምትወጣበት ከፍታም ያስፈልጋታል፤ መደርደሪያ፣ ቁም ሣጥን፣ የመስኮት ደፍ። በሩጫ ከማምለጥ በዝላይ ማምለጥ ይሻላታል፤ ሩጫዋ አሳዳጁን ይጠራዋልና።

በአውሮፓ አፓርታማ የተጻፈ ምክር በካርቱም ቤት እንዳለ የማይሠራበት ቦታም አለ። የካርቱም ቤት ልቡ “ሖሽ” የሚባለው ግቢው ነው፤ ቤተሰቡ ማታ ማታ አልጋ አውጥቶ የሚተኛበት፣ ድመቶች በአጥር ተሻግረው የሚገቡበት። ልምዱ እንደሚያሳየው ደግሞ ሳሎን ውስጥ ከድመት ጋር ተቃቅፎ የሚተኛ ሯጭ ውሻ እንኳ፣ ያችኑ ድመት ሜዳ ላይ ስትሮጥ ሲያይ ሊያሳድዳት ይችላል። የቤቱን ድመት “የእኛ” ብሎ ለምዶ የጎረቤትን ድመት የሚገድልም አለ። ስለዚህ በሖሹ ውስጥ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ያለ ማሰሪያ መዋል የለባቸውም፤ ተራ ማስያዝ ይቻላል። ለሯጩ ውሻ ለእግር ጉዞም የሚስማማው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ፀጉሩ ስስ፣ ስቡ ጥቂት፣ ቆዳው በቀላሉ የሚቀደድ ነውና። አጥንቱ የገጠጠ በመሆኑ ባዶ ሲሚንቶ ላይ መተኛት ያቆስለዋል። ሱዳኖች “አንገረብ” የሚሉት፣ የአገር ቤቱን የጠፍር አልጋ የሚመስል የገመድ አልጋ፣ ብርድ ልብስ ከተነጠፈበት እንደተሠራለት ያህል ይመቸዋል።

በረኀብ ተጎድቶ የመጣ ውሻ ላይ ደግሞ ርኅራኄ ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተራበ እንስሳ ፊት ሙሉ ሳህን ማቅረብ በደሙ ውስጥ ያሉትን ማዕድናት አዛብቶ ሊገድለው ስለሚችል፣ በቀን ደጋግሞ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይገባል። የተራበ ውሻ በምግብ ይነክሳልም፤ ድመቷ በዚያ ሰዓት በክፍሉ ውስጥ መገኘት የለባትም።

“ውሻ ወደ ቤት ይገባል?”

በብዙ ሙስሊም አገሮች ውሻን ቤት ማስገባት ከሃይማኖት አንጻር ጥያቄ ያስነሳል። ሱዳን በዚህ በኩል ለየት ትላለች። በአገሪቱ ከጥንት የተስፋፋው የማሊኪ መዝሀብ ሊቃውንት በሕይወት ያለ ውሻ በራሱ ርኩስ አይደለም ይላሉ፤ ለአደን፣ ለእረኝነትና ለጥበቃ ማሳደግም የተፈቀደ ነው። ይህ ማለት ሁሉም ሱዳናዊ ውሻን ሳሎን ያስገባል ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ክርስቲያን ቤተሰብም ቢሆን ውሻውን ከደጅ እንደሚያውል አንባቢ ያውቃል።

ጦርነቱ ደግሞ ለውሻ የነበረውን ስሜት አበላሽቶታል። በውጊያው ምክንያት አስከሬን ማንሣት ባልተቻለባቸው ሳምንታት ነዋሪዎች በጎዳና ስላዩት ነገር የተናገሩት የሚዘገንን ነው። የራበው የውሻ መንጋ ለሰውም አስፈሪ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ ውሻ ተቀብሎ ማሳደር ከጎረቤት ጋር ሊያጋጭ ይችላል፤ ስጋቱም መሠረተ ቢስ አልነበረም።

ከእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ስጋት ሁሉንም ይመለከታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በሽታው በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰዎችን ይገድላል፤ አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ ናቸው፤ ወደ ሰው የሚተላለፈውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ድመትም ትያዛለች፣ ታስተላልፋለችም። ስለዚህ እንግዳውን ውሻ ከድመቷ ጋር ከማገናኘት በፊት ሁለቱንም ማስከተብ የመጀመሪያው ሥራ ነው። የተነከሰ ወይም የተቧጠጠ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ለክትባት ወደ ሕክምና መሄድ አለበት። የነከሰው ውሻ ወይም ድመት ለ10 ቀናት ታስሮ ይጠበቃል።

ክትባቱ ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ይፈልጋል። መብራት ለሳምንታት በጠፋበት ከተማ ማቀዝቀዣ ቁም ሣጥን ነው። ከአንዱ ጠርሙስ ክትባት መበላሸት ጀርባ የአንድ ውሻ ብቻ ሳይሆን የአንድ ሰፈር ልጆች ጉዳይ እንዳለ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ በውሻ ከሚነከሱት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

ያለ ባለአደራ የቀሩት

ባለአደራ ማጣት ምን እንደሚመስል ካርቱም በሁለት ቦታ አይታዋለች። አንደኛው በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሱዳን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። ሕንፃው ከጦር ሠራዊቱ ዋና መምሪያ አጠገብ በመሆኑ ውጊያው ሲጀመር ሠራተኞቹ ሊደርሱበት አልቻሉም። በውስጡ ከ100 በላይ በሕይወት ያሉ እንስሳት ነበሩ፤ በቀቀኖች፣ ጦጣ፣ ኤሊዎች፣ እባቦች፣ እንሽላሊቶች። ሳምንታት ሲያልፉ ኃላፊዎቹ በረኀብና በጥም ሳያልቁ እንዳልቀሩ ተናገሩ። የጎደለው ውኃ የሚያስቀምጥ አንድ ሰው ነበር።

ሁለተኛው የአንበሶቹ ታሪክ ነው፤ ይኼኛው በተቃራኒው ባለአደራ የተገኘበት ነው። በጥር 2012 ዓ.ም. በካርቱም አል ቁረሺ ፓርክ አጥንታቸው የገጠጠ አምስት አንበሶች ፎቶግራፍ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጨ። ፎቶዎቹን ያወጣው ሱዳናዊው ኦስማን ሳሊህ ነበር። አንዷ ሴት አንበሳ ወዲያው ሞተች፤ መቀመጫውን ቪየና ያደረገው “ፎር ፖውስ” የተባለው ድርጅት የእንስሳት ሐኪሞችን ላከ። ከተረፉት አንዷ በኩሽ ንግሥቶች ማዕረግ “ካንዳካ” ተባለች፤ ይህ ስም በ2011 ዓ.ም. አልበሽርን ከሥልጣን ባወረደው ሕዝባዊ ተቃውሞ ውስጥ ለነበሩት ሴቶችም የተሰጠ ነበር። ከዚያም ሳሊህ ከካርቱም በስተ ደቡብ በአል ባጌር የእንስሳት ማገገሚያ አቋቋመ።

ጦርነቱ ማገገሚያውንም አላለፈውም። ሥጋ ማግኘት ጭንቅ ሆነ፤ የኤሌክትሪክ አጥሩም ያለ መብራት ተራ ሽቦ ነው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. አንበሶቹና ጅቦቹ በጭነት መኪና ወደ ዋድ መዳኒ አካባቢ ተወሰዱ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ፣ ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ዋድ መዳኒን ያዘ። አንድን እንስሳ አንዴ አድኖ መገላገል እንደሌለ ከዚህ የበለጠ ማሳያ መፈለግ አያሻም። በአማርኛ “አዳኝ” የሚለው ቃል የሚያሳድደውንም የሚያተርፈውንም መጥራቱ ይገርማል፤ ሁለቱም ሥራቸው የትዕግሥት ነው።

ወደ ካርቱም መመለስ

የሱዳን ጦር ሠራዊት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱንና አውሮፕላን ማረፊያውን መልሶ ከያዘ በኋላ፣ በግንቦት የካርቱም ግዛት ሙሉ በሙሉ በቁጥጥሩ ሥር መግባቱን አስታወቀ። ነዋሪዎች ወደ ተዘረፉ ቤቶቻቸው መመለስ ጀመሩ። ሁለት ዓመት የተዘጋ ቤት ባዶ ነው ማለት አይቻልም፤ በአይጥና በእርግብ ራሳቸውን የቻሉ ድመቶች ሊረከቡት ይችላሉ። የአደን ውሻውን ከስደት ይዞ የተመለሰ ቤተሰብ አሁን የሚገጥመው ጥያቄ የተገለበጠ ነው፤ ባለቤቷ ድመቷ ናት፣ እንግዳው ውሻው። ሥርዓቱ ግን አይለወጥም፤ የተለየ ክፍል፣ ሽታ፣ ፍርግርግ፣ ቅርጫት፣ ጊዜ። እንደ ዱር ድመት የኖረች ድመት ሰውንም ስለማታምን ጊዜው ይረዝማል።

አደራውን የሚመልስ ሰው ደግሞ ከውሻው ጋር ሊያስረክባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የክትባት ደብተሩ ከነቀኑ፣ የማይክሮችፑ ቁጥር፣ ከድመት ጋር የኖረበት ሁኔታ እውነቱ ሳይሸፋፈን፣ ውሻው የለመዳቸው ቃላትም በየትኛው ቋንቋ እንደሆኑ። ካርቱም ውስጥ በዐረብኛ “ተዓል” ተብሎ የተጠራ ውሻ አዲስ አበባ ላይ “ና” ሲባል ዞር ባይል አያስገርምም። የተኛበት ብርድ ልብስም አብሮት ይሂድ፤ ሳይታጠብ።